የምናነደው እንጨት ተተክሎ ነው ወይስ ተመንጥሮ?

(ከሬዲዮ ዝግጅታችን ለመጽሔቱ አንባብያን የቀረበ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በየቤታችን ከንጋት እስከ ምሽት የማይለየን ነው፤ እርሱም ማገዶ ነው። እንጀራው የሚጋገረው፣ ወጡ የሚበስለው፣ ቡናው የሚፈላው፣ በረመዷን የሱሑሩና የኢፍጣሩ ምግብ የሚሰናዳው በአብዛኛው ቤት በእንጨትና በከሰል ነው። ስለ ከሰል መወደድ በየገበያው ሁሉም ያወራል። ከሰሉ ከየት እንደመጣና ለልጆቻችንም ይተርፍ እንደሆነ ግን ብዙም አንጠያየቅም።

በአገራችን ከአሥር አባወራ ወደ ዘጠኙ የሚጠጋው የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰሉት ነው። ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከ2 ቢሊዮን 400 ሚሊዮን በላይ ሰው በእንጨት ማገዶ እንደሚያበስል፣ በዓለም ከደን ከሚወጣው እንጨትም ግማሽ ያህሉ ለማገዶ እንደሚውል ገልጿል። ይህን ያህል ሕዝብ ነገ ጠዋት እንጨት ማንደዱን ይተው ብሎ ማዘዝ አይቻልም። ስለዚህ ጥያቄያችን፣ እንጨቱ ሳያልቅና አፈሩ ሳይታጠብ እንዴት እናንድድ? የሚል ነው።

ባሕር ዳርና ጣና

ባሕር ዳርን እንመልከት። የማገዶ እንጨት በእናቶችና በልጃገረዶች ጀርባ፣ በአህያና በጋሪ ከዙሪያው ገጠር ወደ ከተማዋ ይገባል። ከዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ደግሞ በደንገል ታንኳ ተጭኖ በሐይቁ ላይ እየተቀዘፈ ሲመጣ ኖሯል። ታንኳውን በመሥራት የታወቁት በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ሙስሊም ወገኖቻችን ወይጦዎች መሆናቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ከሰሉ ግን በአብዛኛው በጆንያ ታስሮ በመኪና ይመጣል።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ የተባሉት ወንዞች ከዙሪያው ተራራና ቁልቁለት ውኃ ይዘውለት ይመጣሉ። ቁልቁለቱ ዛፍ ሲያጣ ግን ውኃው ብቻውን አይመጣም፤ የገበሬውን ለም አፈር ጠርጎ ይዞ ይገባል። ማሳው ይራቆታል፤ ሐይቁም በደለል ይሞላል። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናንና አካባቢውን በባዮስፌር ጥብቅ ክልልነት መዝግቦታል። ይሁን እንጂ መዝገብ ብቻውን አፈር አይይዝም፤ አፈር የሚይዘው ሥር ነው።

እንጨት ሲጠፋ ሌላም ጉዳት ይከተላል። ማሳ ላይ ወድቆ ማዳበሪያ መሆን የነበረበት ኩበት ተጠፍጥፎ ይነዳል። ማዳበሪያውን ያጣ መሬት ምርቱ ይቀንሳል። ምርት የቀነሰበት ገበሬም ተጨማሪ መሬት ፍለጋ የቀረውን ዛፍ ይመነጥራል። በነገራችን ላይ፣ በአገራችን ደን ያለቀው በማገዶ ብቻ አይደለም፤ ለእርሻ የተመነጠረው ይበልጣል። ሁለቱ ግን በዚህ መንገድ አንዱ ሌላውን ይጎትታሉ።

እንግዲህ ልብ እንበል። ዛፍ ተቆርጦ መልሶ የሚበቅል የአላህ ጸጋ ስለሆነ እንጨት ማንደድ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ከሚበቅለው በላይ መቁረጥና የተቆረጠውን ማባከን ነው። ሃይማኖታችን ኢስራፍ ብሎ የሚያወግዘው ብክነት በማገዶ ላይ በሦስት ቦታ ይደርሳል፦ በዛፉ ቦታ፣ ከሰል በሚከሰልበት ቦታና በምድጃችን ላይ። ሦስቱንም በተራ እንያቸው።

አንደኛ፦ ዛፉ ባለቤት ሲኖረው

ባለቤት የሌለውን ዛፍ ሁሉም ይቆርጠዋል፤ ማንም አይተክለውም። ለዚህ የአዲስ አበባ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ብዙም ሳትቆይ በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቆረጠ ተመናመነ። በዚያ ዘመን ማገዶ ሲያልቅ ከተማው ራሱ ተነሥቶ ይሄድ ነበር፤ አፄ ምኒልክም መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማዋን ካቆዩአት ነገሮች ዋነኛው በ1880ዎቹ መጨረሻ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። በጥቂት ዓመታት ለቆረጣ ይደርሳል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ሰዉ በየግቢውና በየማሳው ተከለው፤ ማገዶም የሚተከል ነገር ሆነ።

ሁለተኛው ምሳሌ ለባሕር ዳር ቅርብ ነው። ከከተማዋ ወደ ደቡብ በመራዊና በዳንግላ አድርጎ ወደ እንጅባራ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማን ወረዳ ያገኛል፤ ዋና ከተማው አዲስ ቅዳም ይባላል። የዚህ ደጋ አፈር አሲዳማ እየሆነ የእህል ምርቱ ተዳክሞ ነበር። ገበሬዎቹ ታዲያ ዲከረንስ የሚባለውን፣ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘር በማሳቸው ላይ መትከል ያዙ።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ክረምት ላይ ማሳው ታርሶ ጤፍ ይዘራበታል፤ በዚያው ማሳ ችግኙም ይተከላል። በመጀመሪያው ዓመት ጤፉ ይታጨዳል። በሁለተኛው ዓመት በዛፎቹ መካከል የበቀለው ሣር ለከብት ይሆናል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ገደማ ዛፉ ይቆረጥና እዚያው ማሳ ላይ ይከሰላል። ከዚያ መሬቱ እንደገና ታርሶ ጤፍና ችግኝ ይቀበላል። ዲከረንስ እንደ ባቄላና እንደ አተር ሁሉ ናይትሮጅን የተባለውን ንጥረ ነገር ከአየር ወስዶ ለአፈሩ ስለሚሰጥ የደከመው መሬት ይጠቀማል። ችግኝ ማፍላት፣ መቁረጥ፣ ማክሰል፣ መጫንና ማጓጓዝ ለብዙ ወጣቶች የሥራ በር ከፍቷል። ከሰሉም ወደ ባሕር ዳርና እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። ከሳተላይት ምስሎች የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ይህን ያህል ከሰል በሚሸጥበት በዚህ ወረዳ የዛፍ ሽፋን እየጨመረ ሄደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሚቆርጠው ሰው የተከለው ሰው ነው፤ ከቆረጠ በኋላም ካልተከለ በአምስተኛው ዓመት የሚሸጠው የለውም።

ከአገራችን ውጭም ተመሳሳይ ትምህርት እናገኛለን። አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም በሆነባት በኒጀር፣ በማሳ ላይ የበቀለ ዛፍ ሁሉ ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ገበሬውም የመንግሥት ነው ብሎ ቡቃያውን ከእህሉ ጋር አብሮ ይነቅለው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን በማራዲና በዚንደር አካባቢ ገበሬዎች ከአሮጌ ጉቶ የሚወጣውን ቡቃያ እየመረጡ፣ እየገረዙና እየጠበቁ ማሳደግ ጀመሩ፤ ዛፉ የራሳቸው ሆኖ መታየቱም አበረታታቸው። በዚህ መንገድ 5 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ዛፍ ለብሷል። አብዛኛው ችግኝ እንኳ አልተተከለበትም፤ ከመነቀል የዳነ ጉቶ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ማስጠንቀቂያም አለው። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ በሰፊው መትከል አደጋ አለበት። ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአዊ የዲከረንስ ማሳዎች ላይ በስንዴ ላይ እንደምናውቀው ዋግ ያለ የፈንገስ በሽታ ገብቶ ችግኞችንና ዛፎችን ጎድቷል፤ ኑሯቸውን በዚያ ላይ የጣሉትን ገበሬዎችም አስጨንቋል። ባሕር ዛፍም ውኃ አጠገብና ከእህል ማሳ ጎን ሲተከል ውኃውን በመሻማት ይታማል። ስለዚህ የማገዶ ዛፉ በአንድ በኩል ሲለማ በሌላ በኩል ወይራው፣ ዋንዛው፣ ብሳናውና የአገሩ ግራር ሊጠበቁ ይገባል። የማገዶ ማሳ መኖሩም ትልቁ ጥቅም የቀሩትን የአገር በቀል ዛፎች ከመጥረቢያ ማሳረፉ ነው።

ሁለተኛ፦ ከሰል ሲከሰል

ከሰል የሚገኘው እንጨት አየር አንሶት ሲቃጠል ነው። በአገራችን የተለመደው አሠራር እንጨቱን ከምሮ በቅጠልና በሣር መሸፈን፣ በላዩ አፈር ማልበስና በአንድ በኩል እሳት መለኮስ ነው። አየር በብዛት ከገባ እንጨቱ አመድ ይሆናል፤ ጨርሶ ካልገባም እሳቱ ይጠፋል። ሙያው በእነዚህ በሁለቱ መካከል መጠበቅ ነው።

በዚህ ባህላዊ ክምር ከ100 ኪሎ እንጨት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከ10 እስከ 15 ኪሎ ከሰል ነው። በተሻሻለ አሠራር ግን ከ25 እስከ 30 ኪሎ ድረስ ማግኘት ይቻላል። ልዩነቱን የሚያመጡት ነገሮችም ከባድ አይደሉም።

የመጀመሪያው እንጨቱን ማድረቅ ነው። እርጥብ እንጨት ሲከሰል ከፊሉ የሚቃጠለው ውኃውን ለማትነን ነው። ተቆርጦ ጥቂት ሳምንታት ቢደርቅ ያ ሁሉ ይተርፋል። ሁለተኛው፣ እንጨቱን በተመሳሳይ ርዝመት ቆርጦ ክፍተት ሳይበዛ ማጠጋጋት ነው። ሦስተኛው፣ ከሥሩ እንጨት አጋድሞ አየር የሚተላለፍበት መንገድ መተውና ከበርሜል የተሠራ የጭስ ማውጫ ማቆም ነው። ጭስ ማውጫው ትኩሱን አየር ሳይባክን በእንጨቱ መካከል እንዲዞር ያደርገዋል። ይህ አሠራር በሴኔጋል በካዛማንስ አካባቢ የታወቀ በመሆኑ በዚያው ስም ይጠራል። አራተኛው ጭሱን ማንበብ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ወፍራም ነጭ ጭስ የእንጨቱ እርጥበት ነው። ጭሱ ሳስቶ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ከሰሉ ደርሷልና ቀዳዳው ሁሉ ይደፈናል። ሳይበርድ የተከፈተ ክምር መልሶ ሊቀጣጠል ይችላል።

ይህ ቀላል ከሆነ ለምን በየቦታው አይሠራም? አንዱ ምክንያት ፍርሃት ነው። ከሰል ማክሰል በጅምላ ሲከለከል ከሰል ፈላጊው አይቀንስም፤ አክሳዩ ግን ወደ ሌሊትና ወደ ጫካው ውስጥ ይሸሻል። እያሳደዱት ያለ ሰው እንጨት እስኪደርቅ አይጠብቅም፤ ጭስ ማውጫም አያቆምም። እርጥቡን ቆርጦ፣ በጥድፊያ አክስሎ፣ የተገኘውን ይዞ ይሄዳል። ለአንድ ጆንያ ከሰልም በእጥፍ ዛፍ ይወድቃል። በራሱ ማሳ የተከለውን ዛፍ በግልጽ የሚያከስል ገበሬ ግን ጊዜ አለው፤ ብክነቱም ከኪሱ ነው። ስለዚህ የተከለውን ከመነጠረው ለይቶ ፈቃድ የሚሰጥ አሠራር ደኑንም ይጠብቃል፣ ሰዉንም ያኖራል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር እናሳስባለን። እንጨት ተሸክማ ወደ ከተማ የምትገባውን እናት የደን ጠላት አድርጎ ማየት ተገቢ አይደለም። ሰው ፊት ቆሞ ከመለመን ገመድ ይዞ፣ እንጨት ለቅሞና በጀርባ ተሸክሞ መሸጥ እንደሚሻል ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ክብር ያለው ሥራዋ እንዲቀጥል የምትቆርጠው ዛፍ መኖር አለበት። እርሷን ከእንጨቱ ከማባረር እንጨቱ እንዳይርቃት ማድረግ ይበልጣል።

ሦስተኛ፦ በምድጃችን ላይ

ሦስተኛው ብክነት በእጃችን ያለ ነው። በአገራችን ቤት ውስጥ ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጋገር ነበልባሉ በየጎኑ ይወጣል፤ ከእሳቱ አብዛኛው ቤቱንና የጋጋሪዋን ፊት ያሞቃል እንጂ ምጣዱን አያገኘውም። ለዚህ መፍትሔ የሆነው ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ ወይም ከመሳሰለው የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ነው። ዙሪያው ተዘግቶ እሳቱን ከምጣዱ ሥር ይይዛል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር በሙከራ ቦታ እስከ ግማሽ ማገዶ ይቆጥባል፤ በየቤቱ በተደረገ ሙከራም ከሩብ እስከ ሲሶ ገደማ ማዳኑ ታይቷል። የቆሼው ጭስም ይቀንሳል።

ለከሰል ደግሞ ላቀች የሚባለው ምድጃ አለ። በኬንያ የታወቀውን የሸክላና የቆርቆሮ ምድጃ መነሻ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን የተሠራ ነው። ውስጡ በሸክላ የተለበጠ ስለሆነ ሙቀቱን ይይዛል፤ ከቆርቆሮው ማንደጃ ጋር ሲነጻጸር ከከሰሉ ሩብ ያህሉን ይቆጥባል።

እስቲ ለምሳሌ እናስላ። አንድ ቤተሰብ በወር 30 ኪሎ ከሰል ያነዳል እንበል። ከሰሉ ከ100 ኪሎ እንጨት 15 ኪሎ ብቻ ከሚሰጥ ክምር ከመጣ የወደቀው እንጨት 200 ኪሎ ነው። 25 ኪሎ ከሚሰጥ ክምር ቢመጣ ግን 120 ኪሎ ይበቃል። በዚህ ላይ ቤተሰቡ ላቀች ምድጃ ቢጠቀም ከሰሉ ወደ 22 ኪሎ ተኩል ይወርዳል፤ እንጨቱም 90 ኪሎ ይሆናል። ከ200 ወደ 90! ማንም ሳይራብ፣ ቡናውም ሳይቀር ከግማሽ በላይ ዛፍ ቆሞ ይውላል። በወሩ መጨረሻ የሚተርፈውን ገንዘብ የቤቷ እመቤት ከእኛ በተሻለ ታሰላዋለች።

የጤናውን ጉዳይም ሳናነሣ አናልፍም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ በዓለም 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ያህል ሰው ሞቷል። በከሰል ላይ ያለው አደጋ ደግሞ የማይታይ ነው። ከሰል ሲነድ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ከሰሉ ጭስ ስለሌለው ብቻ ደህና መስሎን በብርድ ጊዜ በርና መስኮት ዘግተን ማንደጃ አጠገባችን አድርገን መተኛት ለሞት ይዳርጋል። ከሰል ሁልጊዜ አየር በሚገባበት ቦታ ይቀጣጠል፤ ልጆችና አራስ ባሉበት ዝግ ክፍል ከቶ አይግባ።

መብራት አለና ለምን እንጨት? የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የጣና ውኃ በጢስ አባይና በ2002 ዓ.ም. በተመረቀው 460 ሜጋ ዋት ኃይል ባለው የበለስ ጣቢያ መብራት ያመነጫል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። መስመሩ የደረሰለትና አቅሙ የፈቀደለት ቤተሰብ በኤሌክትሪክ ምጣድ ቢጋግር ለራሱም ለደኑም ይጠቅማል። ሆኖም መብራት ያልደረሰው የገጠር ቤት ብዙ ነው፤ በደረሰበትም ምጣዱ ዋጋ አለው፣ መብራቱም ይጠፋል። ስለዚህ እንጨቱ ገና ለብዙ ዓመታት አብሮን ይኖራል። እነዚያ ጣቢያዎች የሚኖሩትም ደለል ባልሞላው ውኃ መሆኑን አንርሳ።

እኛ በቤታችን ምን እናድርግ?

አንድ፦ ከሰል ስንገዛ ከየት እንደመጣና የምን ዛፍ እንደሆነ ሻጩን እንጠይቅ። ከተተከለ ወጣት ዛፍ የሚከሰል ከሰል ብዙ ጊዜ ክብና ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ነው። ገዢ የሚጠይቀውን ነገር ሻጭ ማቅረቡ አይቀርም።

ሁለት፦ ማገዶውን አስቀድመን እናድርቅ፤ ድስቱን እንክደን፤ ባቄላውን፣ ሽምብራውንና የመሳሰለውን ጥሬ ቀድመን እንዘፍዝፍ። እንጀራም በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር አንድ ጊዜ በዛ አድርጎ መጋገር ምጣዱን ደጋግሞ ከማጋል ያድናል። ምግቡ ሲደርስ የቀረውን ከሰል አመድ አልብሰን ወይም አፍነን እናትርፍ።

ሦስት፦ ለሠርግና ለሶደቃ ትልልቅ ድስት ስንጥድ ከነፋስ እንከልል፤ እሳቱን ዙሪያውን በጭቃ ወይም በድንጋይ እንዝጋ።

አራት፦ ሶደቃ ለመስጠት ያሰበ ሰው ለአንዲት ችግረኛ እናት ምርጥ ወይም ላቀች ምድጃ ቢገዛላት ስጦታው በየቀኑ ማገዶ ይቆጥብላታል።

አምስት፦ በግቢያችን፣ በመስጊድና በመድረሳ ቅጥር እንዲሁም በመቃብር ቦታዎቻችን የአገር በቀል ዛፍ እንትከል፤ ተክለንም እንጠብቅ። የተከሉት ዛፍ ሰውና አእዋፍ በተጠቀሙበት ቁጥር ለተካዩ ሶደቃ እንደሚሆንለት ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተምረናል።

ውድ አድማጮቻችንና አንባብያን፣ ከእነዚህ መካከል ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። ገበሬው ይትከል፣ አክሳዩ በሙያ ያክስል፣ እኛም በቁጠባ እናንድድ። አላህ (ሱ.ወ) በሰጠን ጸጋ ላይ አደራ ጠባቂዎች ያድርገን፤ ምድራችንንም ሐይቃችንንም ይጠብቅልን። ለዛሬ ያዘጋጀነው ይህ ነበር፤ በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።